አድልዎን ከሜዳ ያስወጡት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ

የዓለም ዋንጫ በመጣ ቁጥር ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ እንደ አዲስ አበባው ሁሉ፣ ወጣቱ በየሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት ይሰበሰባል። ሞሮኮ ወይም ሴኔጋል ግብ ያስቆጠሩ እንደሆነ ቤቱ በጩኸት ይናወጣል። አገራችን ለዚህ ውድድር በቅታ ባታውቅም የአፍሪካን ድል እንደ ራሳችን ድል ቆጥረን እንደሰታለን። ለመሆኑ አፍሪካ ወደዚያ መድረክ የገባችው በማን ትግል እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? በሩን ታግለው ካስከፈቱት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ ኢትዮጵያዊው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

አቶ ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን ጅማ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸው የታወቁ፣ ጀርመን አገር ተልከው የአማርኛ ዜማ በሸክላ ለማስቀረጽ የመጀመሪያው የሆኑ ሰው ናቸው። ልጁ ግን ልባቸው ያዘነበለው ወደ ኳስ ነበር። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጫዋች ሆነው በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦች እንዳስቆጠሩ ይነገርላቸዋል።

የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ሲገባ አቶ ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ወራሪው ነጭና ጥቁር በአንድ ሠፈር እንዳይኖሩ፣ በአንድ ሲኒማ ቤት እንዳይቀመጡ ከለከለ። ስፖርቱንም በዘር ለያየው፤ የኢትዮጵያውያኑን ክለብ ሳይቀር ስሙን አስለወጠው። እንግዲህ እኚህ ሰው የዘር መድልዎን ያወቁት በመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ሜዳቸው ነው። ኋላ ላይ ከማንም በፊት ለይተው የተነሡበትም ይኸው ጉዳይ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1957 የግብጽ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ካርቱም ላይ ተገናኝተው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። ከግብጽ አብደል አዚዝ ሳሌም፣ ከሱዳን ዶክተር አብደል ሐሊም ሙሐመድ፣ ከኢትዮጵያ አቶ ይድነቃቸው ነበሩበት። የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወይ ነጮች ብቻ፣ ወይ ጥቁሮች ብቻ የሆኑበት ቡድን ልላክ አለች። ሦስቱ አገሮች ይህን አልተቀበሉም። አባላቱ ገና አራት ብቻ ለሆኑ ማኅበር አንዱን ማጣት ቀላል አልነበረም። ሆኖም ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፣ ቀጥሎም ከማኅበሩ ተባረረች። በቋንቋም በእምነትም የሚለያዩ ሰዎች በፍትህ ጉዳይ እንዲህ በአንድ ቃል ሲቆሙ ማየት ዛሬም ያስደንቃል።

በ1954 ዓ.ም. ጥር ወር ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። ቡድናችን በአቶ ይድነቃቸው አሰልጣኝነት ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ። የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። ፋሺስት በሕግ የለያያቸውን ወገኖች ደም በአንድ ላይ የያዘ ሰው የኢትዮጵያን ዋንጫ ከፍ አደረገ ማለት ነው።

ከሁሉ የከበደው ትግል ግን ከፊፋ ጋር የተደረገው ነው። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለመላው አፍሪካ አንድ ቋሚ ቦታ እንኳ ነፈገ። የአፍሪካ አሸናፊ ከሌላ አህጉር አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ካሸነፈ ብቻ ይግባ ተባለ። አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህን ተቃወሙ፤ 15 የአፍሪካ አገሮችም ከማጣሪያው ራሳቸውን አገለሉ። ይህ ውሳኔ ዋጋ አስከፍሏል። በጥሩ ዕድሜያቸው ላይ የነበሩ ስንት ተጫዋቾች የዓለም ዋንጫን ሳያዩ ቀሩ! ይሁንና ለ1970 ውድድር አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም በዚያ ቦታ ሜክሲኮ ሄደች።

የደቡብ አፍሪካም ጉዳይ በካርቱም አላበቃም። ፊፋ በ1961 ጥሎባት የነበረውን እገዳ በ1963 በፕሬዚዳንቱ በሰር ስታንሊ ሩስ ዘመን አነሣላት። አፍሪካውያን አጥብቀው በመታገላቸው በዓመቱ ቶኪዮ ላይ እገዳው ተመለሰ፤ በ1976 ደግሞ ጨርሶ ተባረረች። አቶ ይድነቃቸው ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ፕሬዚዳንት፣ ከ1971 ጀምሮ ደግሞ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል ነበሩ። በየስብሰባው አፓርታይድን ሳይነቅፉ የማያልፉ ሰው ነበሩ። ስፖርትንና ፖለቲካን አትቀላቅሉ የሚል ነቀፋ ይቀርብ ነበር። ነገር ግን ተጫዋችን በቆዳው ቀለም የሚመርጥ መንግሥት ካለ ፖለቲካውን ወደ ሜዳ ያስገባው ማን ነው?

ሁሉም አቋማቸው ጸንቶ ቆይቷል ማለት አይደለም። የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መጉረፋቸው አህጉሪቱን ባዶ ያስቀራል ብለው ይቃወሙ ነበር። ዘመኑ ግን በሌላ አቅጣጫ ሄደ። ዛሬ በዓለም ዋንጫ የምናጨበጭብላቸው አብዛኞቹ የአፍሪካ ከዋክብት እንጀራቸው ያለው አውሮፓ ነው።

አቶ ይድነቃቸው በ1979 ዓ.ም. ነሐሴ 13 ቀን በካንሰር ሕመም አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። አፓርታይድ ሲወድቅ ለማየት አልታደሉም። ደቡብ አፍሪካ ወደ አፍሪካ እግር ኳስ የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በ1996 ጥቁርና ነጭ በተሰለፉበት ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች፤ በ2010 ደግሞ የዓለም ዋንጫን አዘጋጀች። በ2022 ሞሮኮ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ሆነች። በአንድ ቦታ የተጀመረው የአፍሪካ ድርሻ ለ2026ቱ ውድድር ዘጠኝ ደረሰ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ለልጆቻችን የአውሮፓ ክለቦችን ተጫዋቾች ስም ማን ያስተምራቸው! በየሻይ ቤቱ እየሰሙ ያድጋሉ። የእኚህን ሰው ታሪክ ግን ካልነገርናቸው አያውቁትም። መብት በልመና ብቻ እንደማይገኝ፣ አንዳንዴም የሚወዱትን ነገር እስከ መተው ድረስ ዋጋ እንደሚያስከፍል ከአቶ ይድነቃቸው ሕይወት ይማሩ።