ውሃን በሳሙና የለካ ሊቅ፤ የቶማስ ክላርክ ሕይወትና ሥራ

ውሃ ለስላሳ ወይም ጠንካራ መሆኑን ከኬሚስቱ አስቀድማ የምታውቀው የቤት እመቤት ናት። ለስላሳው ውሃ በጥቂት ሳሙና አረፋ ያወጣል። ጠንካራው ግን ሳሙናውን እንደ እርጎ እየቆራረጠ በልብሱ ላይ ዝቃጭ ይተዋል፤ በማንቆርቆሪያው ሆድ፣ በገላ መታጠቢያው ቦይለርና በእንፋሎት ካውያው ቀዳዳ ደግሞ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ለዘመናት በእጅና በዓይን ብቻ ይታወቅ የነበረውን ይህን የውሃ ጠባይ በቁጥር ለመግለጽ ያስቻለው ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ክላርክ ነው። በስሙ የተሰየመው የጥንካሬ ዲግሪ ለውሃ መሐንዲስ እንግዳ ባይሆንም፣ የሰውየው ሕይወት እምብዛም ሲነገር አይሰማም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክላርክ ማርች 31 ቀን 1801 በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ በምትገኘው በኤር ከተማ ተወለደ። አባቱ የንግድ መርከብ አዛዥ ነበር። ትምህርቱን በተወለደበት ከተማ ከተከታተለ በኋላ፣ በ1816 ወደ ግላስጎው ሄዶ በቻርልስ ማኪንቶሽ ድርጅት በሂሳብ ክፍል ተቀጠረ። ይህ ማኪንቶሽ ኋላ ዝናብ በማያስገባ ጨርቅ ስሙ የገነነው ነው። ወጣቱ ግን ከሂሳብ መዝገብ ይልቅ ወደ ኬሚስትሪ አዘነበለና ሴይንት ሮሎክስ ወደሚገኘው ወደ ቴናንት ፋብሪካ ተዛወረ። በዚያ ፋብሪካ በታጠበ ኖራ ላይ የክሎሪን ጋዝ እየተለቀቀ የጨርቅ ማንጫ ዱቄት ይመረት ነበር። ክላርክ የኖራን ጠባይ ከመጽሐፍ ይልቅ ከሥራ ቦታ ሳይማረው አልቀረም ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በ1826 በግላስጎው ለሠራተኞች በተቋቋመ የሙያ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ሆነ። በዚያው ዘመን ሶዲየም ፎስፌት በኃይለኛ ሙቀት ሲቃጠል ፓይሮፎስፌት የተባለ ሌላ ጨው እንደሚሆን ደረሰበት፤ ይህ ግኝት ለቶማስ ግሬም የፎስፎሪክ አሲድ ምርምር መንገድ ጠረገ። ቀጥሎ ሕክምና አጥንቶ በ1831 በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ዶክተርነት ተመረቀ፤ በ1833 ደግሞ በአበርዲን ከተማ በማሪሻል ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ።

በዚህ ጊዜ የብሪታንያ ከተሞች በፍጥነት እየሰፉ፣ የግል ውሃ ኩባንያዎችም ቧንቧ እየዘረጉ ነበር። የለንደን ውሃ ከኖራ ድንጋይ አገር የሚፈልቅ በመሆኑ ጠንካራ ነው። የእንፋሎት ሞተሮች ቦይለር በቅርፊት ይደፈን፣ ድኻው ቤተሰብ ሳሙናውን በከንቱ ይፈጅ ነበር። ኪሳራው ምን ያህል እንደሆነ ግን ማንም በቁጥር ሊናገር አልቻለም፤ ያልተለካ ኪሳራ ደግሞ ተከራካሪ የለውም። ክላርክ በ1841 ያስመዘገበው የፈጠራ መብት ለዚህ መልስ የሚሆኑ ሁለት ነገሮችን ያዘ፤ አንዱ መለኪያ፣ ሁለተኛው ማለስለሻ ነው።

መለኪያው እጅግ ቀላል ነው። ሳሙና በአልኮል ይሟሟል፤ ከዚህ ፈሳሽ ጥቂት በጥቂት እየተለካ በጠርሙስ ውስጥ ባለ ውሃ ላይ ይጨመርና ጠርሙሱ በኃይል ይናጣል። ጠርሙሱ በጎኑ ተጋድሞ አረፋው ለ5 ደቂቃ ሳይጠፋ ከቆየ ልኬቱ ተፈጸመ፤ የፈሰሰው ሳሙና መጠን በሠንጠረዥ ተመሳክሮ ጥንካሬውን ያሳያል። አንድ የክላርክ ዲግሪ ማለት በአንድ ኢምፔሪያል ጋሎን ውሃ ውስጥ አንድ ግሬን ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ በዛሬው መለኪያ በሊትር 14.3 ሚሊግራም ግድም ይሆናል። ሳሙናው ከስብ የተሠራ መሆን አለበት። እንዶድ ወይም የዱቄት ሳሙና (ኦሞ) ከካልሲየም ጋር እንደዚያ ስለማይቆራረጥ ለዚህ ልኬት አያገለግልም፤ እናቶች በጠንካራ ምንጭ ዳር እንዶድ ቢመርጡ ምክንያት አላቸው ማለት ነው።

የነገሩን ክብደት ለመገመት ጥቂት ስሌት ይበቃል። 1 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት 6 ግራም ያህል ንጹሕ ሳሙና ያከስራል። በኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ ለጥንካሬ የተቀመጠው ጣሪያ በሊትር 300 ሚሊግራም ነው፤ ይህም 21 የክላርክ ዲግሪ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲቀዳ 6 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ይይዛል፤ ስለዚህ አንዲት እናት ልብስ ማጽዳት ከመጀመሯ በፊት 36 ግራም ሳሙና ለውሃው ትገብራለች። ጥንካሬ ጤና የሚጎዳ ነገር ባለመሆኑ በውሃ ምርመራ ወረቀት ላይ ማንም ቆም ብሎ አያየውም፤ የሚጎዳው ኪስን ነው።

ማለስለሻው ዘዴ በመጀመሪያ ሲሰሙት የሚያስቅ ይመስላል፤ ኖራ ያለበትን ውሃ ለማለስለስ ሌላ ኖራ ይጨመርበታልና። ምሥጢሩ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት በውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚቆየው ይህ ጋዝ ቢካርቦኔት አድርጎ ስለያዘው ነው። ውሃው ሲፈላ ጋዙ ይወጣና ካርቦኔቱ በማንቆርቆሪያው ላይ ይጋገራል። የታጠበ ኖራ ሲጨመር ደግሞ ኖራው ጋዙን ይሻማል፤ የነበረውም የተጨመረውም በአንድነት ነጭ ዱቄት ሆነው ይዘቅጣሉ፤ ማገዶ አላስፈለገም። 1 ኪሎ ግራም ንጹሕ ያልታጠበ ኖራ ወደ 11 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሳሙና ያድናል። ከጂፕሰም የሚመጣው የሰልፌት ጥንካሬ ግን በማፍላትም በኖራም አይለቅም። ጊዜያዊና ቋሚ ጥንካሬ የሚባለው ልዩነት ትርጉሙ ይኸው ነው።

የለንደን ኩባንያዎች ዘዴውን በደስታ አልተቀበሉትም። ማጣሪያ ገንዳ መሥራትና ዝቃጩን ማስወገድ የእነርሱ ወጪ ነበር፤ የሚድነው ሳሙና ግን የደንበኛው ነው። ይህ ቅራኔ እስከ ዛሬም ያልተፈታ ነው። ከለንደን ወጣ ብላ የምትገኘው የፕለምስቴድ የውሃ ድርጅት በ1850ዎቹ በሥራ ላይ ስታውለው፣ ክላርክ ራሱ ማስተማር ትቶ ነበር፤ በ1844 የያዘው ሕመም ከመምህርነት ወንበሩ አርቆት ነበርና። ግላስጎው ደግሞ በ1859 ሌላ መንገድ መረጠች፤ ጠንካራ ውሃን ከማለስለስ ይልቅ እጅግ ለስላሳ የሆነውን የሎክ ካትሪንን ሐይቅ ከሩቅ ተራራ በቦይ አስመጣች። ለመሐንዲስ ሁለቱም መፍትሔዎች ያኮራሉ።

ክላርክ የመጨረሻ ዓመታቱን በእንግሊዝኛ ቋንቋ ታሪክ ጥናት አሳልፎ፣ ኖቬምበር 27 ቀን 1867 በግላስጎው አረፈ። በዚያው ወር የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ለመዝመት በዙላ ጠረፍ እየሰፈረ ነበር። ለሠራዊቱና ለከብቱ ይቀርብ የነበረው ውሃ በመርከቦች ቦይለር ከባሕር የሚጣራ ነበር፤ በክላርክ ሚዛን ዲግሪው ዜሮ መሆኑ ነው። ሠራዊቱ ወደ ደጋው ሲወጣ ግን የአገሩን ውሃ መጠጣት ግድ ሆነበት፤ በኤፕሪል 1868 በአሮጌ ሜዳ ጥም ሲያስቸግረው ከበሽሎ ወንዝ ያስቀዳ ነበር።

ይህ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ መቅደላም አጅባርም መካነ ሰላምም ያሉበት፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት በፈሰሰ ባዛልት የተሸፈነ ነው። የዝናብ ውሃ በአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየታገዘ ከባዛልቱ ካልሲየምና ማግኒዚየም አሟሙቶ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከደጋው የሚፈልቀው ጥንካሬ በአብዛኛው የቢካርቦኔት ነው። ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ግን ወንዙ ባዛልቱን ሰንጥቆ ከሥሩ የተነባበረውን የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ገልጦታል፤ በዚያ የሚፈልቅ ውሃ ቋሚ ጥንካሬም ይኖረዋል። መካነ ሰላም በምትገኝበት በ2,600 ሜትር ግድም ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ይህም ቢሆን ጋዙን ለማስወጣትና ቅርፊቱን ለመጋገር ይበቃል። የካርቦኔት ቅርፊት በአቼቶ ወይም በሎሚ ጭማቂ ይለቃል፤ የጂፕሰሙ አይለቅም። በማንቆርቆሪያው ላይ አቼቶ አፍስሶ አረፋ መውጣት አለመውጣቱን ማየት ብቻ የቅርፊቱን ዓይነት ይናገራል።

የክላርክ ዘዴ አንድ ጉድለት የታየውም በማግኒዚየም ላይ ነበር። ማግኒዚየም ሳሙናን የሚቆራርጠው ቀስ ብሎ በመሆኑ፣ ሐሰተኛ አረፋ ተነሥቶ ልኬቱ ሳይፈጸም የተፈጸመ ይመስላል። እንደ ወሎ ደጋ ላለ የባዛልት ውሃ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። በ1940ዎቹ የስዊሱ ኬሚስት ሽቫርዘንባህ በኢዲቲኤ የመለካትን ዘዴ ካስተዋወቀ ወዲህ ላቦራቶሪዎች የሳሙናውን ጠርሙስ ትተውታል። ላቦራቶሪ በሌለበት የወረዳ ከተማ ግን፣ ከሁለት ምንጮች የትኛው ይበልጥ ሳሙና እንደሚበላ ለመለየት የክላርክ ጠርሙስ ዛሬም ያገለግላል፤ ጠርሙሱ ደጋግሞ እንዲናጥና አረፋው 5 ደቂቃውን እንዲሞላ መጠበቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።