ጥላሁን ገሠሠና ስለ እሱ የጻፍነው

ባለፈው ሴሚስተር በፊቸር አጻጻፍ ኮርስ የተሰጠን አሳይመንት ቀላል ይመስል ነበር። ስሙ የታወቀ፣ ከሞተ የቆየ አንድ ሰው መርጣችሁ ሕይወቱን ጻፉ ተባልን። እኔ ብዙም ሳላስብ ጥላሁን ገሠሠን መረጥኩ። እውነቱን ለመናገር ስንፍናም ነበረበት። የምድር ባቡር ጡረተኛ የሆነው አባቴ ከአልጋው ሥር የሚያስቀምጠው የቆርቆሮ ሳጥን አለ፤ ውስጡ ስለ ጥላሁን በወጡ የጋዜጣና የመጽሔት ቁራጮች የተሞላ ነው። ቤተ መጻሕፍት መሄድ ሳያስፈልገኝ ቁጭ ብዬ እገለብጣለሁ አልኩ።

በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ግን አንድ ሙሉ አንቀጽ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። በ1985 ዓ.ም. በጥላሁን ላይ ስለደረሰው አደጋ የጻፍኩት ነው። ማን እንዳደረገው፣ ለምን እንዳደረገው፣ በር ላይ ቆሜ ያየሁ ይመስል አስረግጬ ጽፌ ነበር። መምህራችን በኅዳጉ ላይ የጻፉት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይህን የነገረኝ ማን እንደሆነ ጠይቀዋል። መልስ አልነበረኝም። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ሁለተኛው ሙከራዬ ነው።

ጥላሁን የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት አዲስ አበባ ነው። የሚገርመው ነገር አዲስ ዘመን ጋዜጣም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር መታተም ጀመረ። የአገሪቱ ታላቅ ድምፃዊና የአገሪቱ ትልቁ ጋዜጣ እኩያሞች ናቸው ማለት ነው። ጥላሁን በልጅነቱ ወደ ወሊሶ ተወስዶ በአያቱ ቤት አደገ፤ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ገባ። ርዕሰ መምህሩ ሱዳናዊ ነበሩ፤ ልጁ የዘፈን ፍቅር እንዳለው ያዩና ያበረታቱት እሳቸው ናቸው። የሀገር ፍቅር ቲያትር ጓድ ለትርዒት ወሊሶ በመጣ ጊዜ ደግሞ የልጁ ነገር አበቃለት። ከቤት ጠፍቶ አዲስ አበባ ገባ፤ ሀገር ፍቅር ተቀጠረ፤ ከዚያ ወደ ክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተሻገረ።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በክቡር ዘበኛው አዛዥ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና በወንድማቸው በግርማሜ መሪነት የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ መዘዙ ለሙዚቃ ክፍሉም ተረፈ። ጥላሁንም ታሰረ። ሲፈታ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ ማለትም ወደ ዛሬው ብሔራዊ ቲያትር ሄደ። በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፈነ። ስለ ፍቅር ብቻም አይደለም፤ ስለ ረሃብተኞች ያዜመው ዋይ ዋይ ሲሉ እስከ ዛሬ ሰው ያስለቅሳል።

ወደ አባቴ ሳጥን ልመለስ። ቁራጮቹን በዘመን በዘመናቸው ወለሉ ላይ ደረደርኳቸውና አንድ ነገር ታየኝ። የጥንቶቹ ባብዛኛው ማስታወቂያ ናቸው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አዳራሹ፣ የመግቢያው ዋጋ፣ የዘፋኞቹ ስም ዝርዝር። ዘፈኑ እንዴት ነበር፣ ድምፁ የት ላይ ከፍ የት ላይ ዝቅ አለ፣ ዜማውን ማን ሠራው የሚል የለም። ይህ ከጋዜጠኞቹ ስንፍና ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ዘፋኙም ጋዜጣውም ደመወዛቸው ከአንድ ካዝና ነበር። የመንግሥት ጋዜጣ የመንግሥትን ኦርኬስትራ ምን ብሎ ይተቻል? በደርግ ዘመንም ሳንሱሩ ግጥሙንም ጽሑፉንም ያይ ነበር። በዚህ መሐል እነ ሳህሌ ደጋጎን የመሰሉ የዜማና የቅንብር ሰዎች፣ በቲያትር ቤቱም ነርሲስ ናልባንዲያን፣ ስማቸው ከዘፋኙ ጥላ ሥር ቀረ። አባቴ የጥላሁንን ዘፈን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወጣዋል፤ ሳህሌ ደጋጎ ማን እንደሆነ ስጠይቀው ግን ትንሽ አሰበና የኳስ ተጫዋች መሰለው።

ሁለተኛው ክምር የ1985ቱ ነው። የፕሬስ ነፃነት አዋጁ በጥቅምት 1985 ዓ.ም. ወጣ። የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ፈሉ። ጥላሁን ቤቱ ውስጥ አንገቱ ላይ በስለት ተወግቶ ለጥቂት ከሞት የተረፈው ደግሞ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ነው። ገና በመንፈቁ ያለ ፕሬስ የአገሩን ትልቅ ዘፋኝ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ምን ይጻፍ? የተወራው ሁሉ ተጻፈ። አባቴ እንደነገረኝ በዚያ ሰሞን ድሬ ላይ ጋዜጣ የሚደርሰው ከአዲስ አበባ አንድ ቀን ዘግይቶ ነው፤ ያም ሆኖ ከዚራ ጥላ ሥር ተሻምተው ያነቡት ነበር። ቀፊራ ገበያ ኦቾሎኒ የሚጠቀለልበት ወረቀት ሳይቀር ይነበብ ነበር ብሎኛል። ከሳጥኑ ያገኘኋቸው ሁለት ቁራጮች እርስ በርስ ይጣላሉ፤ አንዱ ነጭ ያለውን ሌላው ጥቁር ይለዋል። የሁለቱም ምንጭ ስሙ የማይነገር የቅርብ ሰው ነው። እኔም ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ ከሁለቱ የጣመኝን መርጬ የራሴ አድርጌው ነበር! ጥላሁን ራሱ ግን በአደባባይ የማንንም ስም ሳያነሳ ነው የኖረው። ተጎጂው ዝም ያለበትን ነገር እኔ በምን አንደበቴ እፈርዳለሁ?

በዚያው ዘመን ውጭ አገር ሌላ ነገር ተጀመረ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ የተሰኘውን ተከታታይ የሲዲ ሥራ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ማውጣት ጀመረ፤ የውጭ የሙዚቃ ጋዜጠኞችም ስለ እኛ ሙዚቃ ይጽፉ ጀመር። አንዳንዴ በራሳቸው ሰው ይለኩናል፤ ዓለማየሁ እሸቴን አንዴ ኤልቪስ አንዴ ጀምስ ብራውን አሉት። ሙላቱ አስታጥቄንና ማህሙድ አህመድን ከፍ አደረጉ። ጥላሁን የራሱን ቅጽ ያገኘው በአሥራ ሰባተኛው ነው፤ በፈረንጆች 2004። እዚህ አንደኛ የምንለው እዚያ ተራ ጠበቀ። ቃሉን የማይሰማ ሰው የጥላሁንን ግማሽ ብቻ ነው የሚያገኘው ብዬ አስባለሁ። ቢሆንም ስለ ቀረጻው፣ ስለ ተጫዋቾቹ፣ ስለ ባንዶቹ ጠይቀው የጻፉት እነሱ ናቸው። ይህን ሳነብ ቅናትም እፍረትም ተሰማኝ።

ሦስተኛው ክምር የሙሾ ነው። ጥላሁን በስኳር በሽታ አንድ እግሩን አጣ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖም ዘፈነ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ዐረፈ። እኔ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ወሬው ቤታችን ሲደርስ አባቴ የያዘውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰው፤ ያን ቀን ዶሮው ሳይበላ አደረ። ሕዝቡ መስቀል አደባባይ ወጥቶ ተሰናበተው፤ ቀብሩ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሆነ። ጋዜጣው ሁሉ በትልልቅ ፎቶና በእንባ ተሞላ። ክፉ አይደለም፤ ለቅሶ ያባት ነው። ግን ማስታወቂያ፣ ወሬ፣ ሙሾ ብለን ስንቆጥር ስለ ሥራው የተጻፈው የት አለ? ሳጥኑን እስከ ታች ፈተሽኩት፤ እፍኝ አይሞላም።

የተሰረዘውን አንቀጽ አውጥቼ አዲሱን ረቂቅ ለአባቴ አነበብኩለት። መጀመሪያ ቅር አለው። እሱ ለዓመታት ያመነበት ወሬ ነበረዋ! የፈራሁት ተቆጥቶ ሳጥኑን እንዳይከለክለኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ከሁለቱ ቁራጮች አንዱን አነሳ፣ መነጽሩን አድርጎ እንደገና አነበበውና ጸሐፊው እዚያ ነበር እንዴ ሲል ጠየቀኝ። እንዳልነበረ ነገርኩት። ቁራጩን ግን አልጣለም፤ አጣጥፎ መለሰው። ልክ ነው፤ ስህተቱም የታሪኩ አካል ነው።

እኛ የድሬ ተማሪዎች ከዚህ የምንወስደው ነገር ያለ ይመስለኛል። የከተማችን ልጅ ዓሊ ቢራ፣ እዚሁ በአፍረን ቀሎ ጀምሮ እንደ ጥላሁን በክቡር ዘበኛ ያለፈው፣ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አርፏል። የለቅሶው ጽሑፍ አልቋል። ያን ዘመን የሚያስታውሱ አዛውንቶች ዛሬም በየሰፈራችን አሉ። ማን ምን መሣሪያ ይጫወት ነበር፣ የት ይለማመዱ ነበር፣ ማን ከለከላቸው ብሎ መጠየቅ የባጃጅ ሒሳብና አንድ ደብተር ነው የሚፈልገው። እኔ በሚቀጥለው ሴሚስተር አሳይመንቴን ከዚያ እጀምራለሁ፤ አብሮኝ የሚወጣ ካለ ዲፓርትመንቱ በር ላይ እንገናኝ።