ከአበበ በኋላ የመጣው ማሞ



በዚህ ዓመት ለመጽሔታችን እንድንጽፍበት የተሰጠን ርእስ የሚገባቸውን ክብር ሳያገኙ ስላለፉ ቦክሰኞች ነበረ። ርእሱን ስንቀበል እርስ በርሳችን ተያይተን ሳቅን፤ በአርብ ገበያ ቡጢ የሚታየው ዓርብ ማታ ገበያው ሲበተን በጠላ ቤት ደጃፍ እንጂ ገመድ በተወጠረበት መድረክ ላይ አይደለምና። ነገር ግን ማንበብ ስንጀምር የአንዱ ቦክሰኛ ታሪክ አሳዘነን።

ይህ ሰው ኤዛርድ ቻርልስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በዘመኑ ከቦክሰኞች ሁሉ ይልቅ የሚወደደው ጆ ሉዊስ ነበረ። ጆ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1935 ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር በምትሰናዳበት ወራት ግዙፉን ኢጣልያዊ ካርኔራን በ6ኛው ዙር ስለ ረታው፣ ስሙ ከእኛም ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1950 ከዚህ ተወዳጅ ሰው ጋር 15 ዙር ተጋጥሞ በነጥብ አሸነፈው። ሕዝቡ ግን ደስ አላለውም። ቻርልስ ምንም ቢያሸንፍ ዓይኑ ሁሉ የቀድሞውን ጀግና ይፈልግ ነበር።

ይህን ስንነጋገር እንዲህ ያለ ሰው በእኛም አገር እንደ ነበረ አንዱ ጓደኛችን አስታወሰን። ቦክሰኛ ሳይሆን ሯጭ ነው። ስለዚህ መምህራችንን አስፈቅደን የቦክሱን ነገር እዚህ ላይ አቆምንና የሻምበል ማሞ ወልዴን ታሪክ ለመጻፍ ቆረጥን።

ማሞ ያልታወቀ ሰው ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን እኛ የክፍሉ ተማሪዎች ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ብንጠየቅ በባዶ እግሩ በሮማ ከተማ መሮጡን፣ በቶክዮ ደግሞ ከገባ በኋላ በሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን ማፍታታቱን ሳናቋርጥ እንተርካለን። ስለ ማሞ ስንጠየቅ ግን አበበ ሲያቋርጥ እርሱ አሸነፈ ከማለት የሚያልፍ ቃል አልነበረንም። ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን እኛው ራሳችን በዚህ ስላፈርን ነው።

ማሞ የተወለደው ሰኔ 5 ቀን 1924 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቅ በአድአ አገር በሚገኝ መንደር ነው። በልጅነቱ እንደ ማንኛውም የባላገር ልጅ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቈጠረ። እ.ኤ.አ. በ1951 በክብር ዘበኛ ተቀጠረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ከቃኘው ጦር ጋር ወደ ኮርያ ዘምቶ ሁለት ዓመት ያህል አገለገለ። ለእኛ ዋናው ነገር የሚጀምረው ከኮርያ ከተመለሰ በኋላ ስለ ሆነ የወታደርነቱን ዘመን በዚህ እናልፈዋለን።

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በአውስትራልያ በሜልቦርን ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ ማሞ አንዱ ተወዳዳሪ ነበረ። የሮጠውም ረጅሙን መንገድ አልነበረም፤ 800 ሜትር፣ 1500 ሜትርና አራት ሰዎች እየተቀባበሉ የሚሮጡት 400 ሜትር ነበረ። በሁሉም በማጣሪያው ቀረ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንለምነው ነገር አለ። የአበበ ስም ገና በዓለም ሳይሰማ፣ ከሮማ አራት ዓመት አስቀድሞ፣ ማሞ በኦሊምፒክ ሜዳ ላይ ቆሞ ነበር። ስለዚህ ከአበበ በኋላ የመጣው ማሞ ያልነው ዝናውን እንጂ ሩጫውን አይደለም።

ወደ ሮማ ሲኬድ ማሞ አልነበረም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ በሮማ ጎዳና ያደረገውን ሁሉም ስለሚያውቀው አንደግመውም።

በ1957 ዓ.ም. በጃፓን አገር በቶክዮ ሁለቱም አብረው ተሰለፉ። ጥቅምት 4 ቀን ማሞ በ10,000 ሜትር ሮጠ፤ 28 ደቂቃ ከ31.8 ሰኮንድ ወስዶበት አራተኛ ሆነ። አንደኛ የወጣው አሜሪካዊው ቢሊ ሚልስ የቀደመው በ7 ሰኮንድ ያህል ብቻ ነው። አራተኛ የወጣ ሰው ግን ወደ አገሩ የሚመለሰው ባዶ እጁን ነው። ከሳምንት በኋላ ማራቶኑን ጀምሮ ሳይጨርስ ወጣ። በዚያው ማራቶን አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ አሸነፈ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር በአንድ ጦር፣ በአንድ አሠልጣኝ በስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ሥር፣ በአንድ ዘመን መሮጥ ምን ያህል እንደሚከብድ እስቲ እናስበው። በማናቸውም ሌላ አገር ቢሆን ማሞ ያለ ጥርጥር የአገሩ አንደኛ ሯጭ ይባል ነበር።

እንግዲህ ወደ ሜክሲኮ እንሂድ። የሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ከፍታ ያላት ስለ ሆነች አየሩ ለብዙዎቹ የአውሮፓ ሯጮች ከብዶ ነበር። እንደ እኛ በደጋ ላደገ ሰው ግን እንግዳ ነገር አይደለም። ጥቅምት 3 ቀን 1961 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ማሞ እስከ መጨረሻው ድረስ ከፊት ሆኖ ከታገለ በኋላ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች የኬንያው ናፍታሊ ቴሙ ቀደመው። የተለያዩት አንድ ሰኮንድ በማይሞላ ጊዜ ነው። ማሞ ብር አገኘ።

ይህ ብር በአገራችን ሰው ዘንድ የተረሳ ይመስለናል። ኢትዮጵያ እስከዚያ ቀን ድረስ በኦሊምፒክ ያገኘችው ሁሉ የአበበ የማራቶን ወርቅ ብቻ ነበር። ከማራቶን ውጭ፣ በስታድየም ውስጥ በሚሮጥ ሩጫ፣ የመጀመሪያውን ሜዳልያ ያመጣው ማሞ ነው። ከእርሱ በኋላ በዚሁ በ10,000 ሜትር ምሩፅ ይፍጠር በሙኒክ ነሐስ፣ በሞስኮ ወርቅ አመጣ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሁለት ጊዜ፣ ቀነኒሳ በቀለም ሁለት ጊዜ በወርቅ ተሸለሙ። የዛሬ ልጆች የ10,000 ሜትር ሩጫ የኢትዮጵያ ርስት ነው ሲሉ እንሰማለን። ርስት ከሆነ መጀመሪያ ያቀናው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ጥቅምት 10 ቀን የማራቶኑ ቀን ሆነ። ከኢትዮጵያ የተሰለፉት አበበ፣ ማሞና መርዓዊ ገብሩ ነበሩ። አበበ እግሩን ታምሞ ነበርና 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ መቀጠል አቃተው። ማሞ በኋላ ዘመን እንደ ተረከው፣ አበበ ከመውጣቱ በፊት እርሱ እንደማይጨርስ ነግሮት፣ ማሸነፍ የአንተ ፋንታ ነው ብሎ እንደ አለቃ አዘዘው። ማሞም እንደ ወታደር ትእዛዙን ተቀብሎ ሄደ። በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ ወደ ስታድየሙ ገብቶ ሩጫውን ሲጨርስ ሁለተኛው ጃፓናዊ ኬንጂ ኪሚሃራ ከሦስት ደቂቃ በላይ ርቆት ነበር። መርዓዊም ስድስተኛ ወጣ። ከተነሡት 75 ሯጮች የጨረሱት 57 ብቻ ናቸው።

የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የዚያን ቀን ሩጫ ሰዎች ሲያነሡ አንዳንዶቹ የአበበን መውጣት ያወራሉ። ሌሎቹ ደግሞ የታንዛንያውን ጆን ስቲፈን አክዋሪን ያነሣሉ፤ ይህ ሰው ወድቆ ጉልበቱ ከተጎዳ በኋላ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ማሞ ከገባ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ ከሁሉ መጨረሻ እያነከሰ የገባ ነው። እኛም ስለ አክዋሪ ስናነብ ልባችን ተነክቷል። ነገር ግን ያቋረጠው ሰው ይታወሳል፣ መጨረሻ የገባውም ይታወሳል፣ በመካከል አንደኛ የወጣው ሰው ተረሳ። እንዲህ ያለ ነገር በሌላ ሩጫ ስለ መሆኑ እንጃ።

አበበ ባይታመም ኖሮ ማሞ አያሸንፍም ነበር የሚሉ አሉ። በክፍላችንም በዚህ ነገር ብርቱ ክርክር ተደርጎ ነበር፤ ከእኛም ግማሾቹ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ይሁን እንጂ ከሳምንት በፊት 10,000 ሜትር ሮጦ ብር የወሰደ የ36 ዓመት ሰው ተከታዩን ከሦስት ደቂቃ በላይ ሲቀድም ዕድል ብቻ ነው ማለት ፍርድ ማዛባት ይመስለናል። ደግሞስ በዚያ ጨዋታ ኢትዮጵያ ያገኘችው ሜዳልያ ሁለት ሲሆን ሁለቱንም ያመጣው ይኸው አንድ ሰው ነው።

ከዚያ ድል ስድስት ወር ሳይሞላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. አበበ በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። የአገሩ ሰው ልብ ሁሉ በአበበ አልጋ ዙሪያ ሆነ፤ ይህም የሚገባ ነበር። ማሞም ቢሆን ከዚህ ሌላ የሚመኝ አይመስለንም። ቢሆንም የሜክሲኮው ደስታ ሳይጠግብ በኀዘን ተሸፈነ።

ማሞ ግን መሮጡን አልተወም። ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ዕድሜው 40 ዓመት ሞልቶት በማራቶን ተሰለፈ። ቀኑን ስናሰላ ከሮማው ድል እስከዚያ ልክ 12 ዓመት መሆኑን አገኘን፤ ሁለቱም በእንቍጣጣሽ ዋዜማ ነው። አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በክብር እንግድነት ወደ ሙኒክ ተጋብዞ ነበር፤ በመክፈቻውም በዓል ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። ማሞ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሰኮንድ ሦስተኛ ሆኖ ነሐስ ወሰደ። በ31 ሰኮንድ ተቀድሞ አራተኛ የሆነውና ያለ ሜዳልያ የቀረው ኬኒ ሙር የሚባል አሜሪካዊ ነው። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በሌጎስ በተደረገው የመላው አፍሪካ ጨዋታ ማሞ የማራቶኑን ወርቅ ወሰደ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለመጻፍ ስንነሣ በመካከላችን አለመስማማት ሆነ። ገሚሶቻችን የበዓል መጽሔት ስለ ሆነ በሌጎሱ ወርቅ እንጨርስ አልን፤ ሌሎቻችን ግን የሰውን ታሪክ ከግማሹ ቈርጦ ማቅረብ እውነትን መሸሽ ነው ብለን ተከራከርን። እንድንጽፈው ተወሰነ።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ማሞ በቀበሌ ሹመት ነበረው። በቀይ ሽብር ዘመን አንድ ታዳጊ ልጅ ተገደለ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ማሞ በዚህ ልጅ ሞት እጁ አለበት ተብሎ ታሰረ። እርሱ በትእዛዝ ተጠርቶ በስፍራው መገኘቱን ሳይክድ ልጁን አልገደልሁም ይል ነበር። ፍርድ ሳያገኝ ብዙ ዓመት በወህኒ ኖረ። በውጭ አገር ስለ እርሱ የጮኹ ነበሩ፤ የዓለም ኦሊምፒክ ኮሚቴም ስለ እርሱ ለመነ። በሙኒክ በማሞ የተቀደመው ኬኒ ሙር ጋዜጠኛ ሆኖ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ስለ እስሩ በአገሩ መጽሔት በሰፊው ጻፈ። ሜዳልያ ያሳጣውን ሰው ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ መምጣት ቀላል ነገር አይደለም።

እኛ ዳኞች አይደለንም፤ በዚያ ዘመንም አልተወለድንም። ልጁም እናት ነበረችው። እርሱ ሳያድግ መቅረቱን የማሞ ወርቅ አይክሰውም። በሌላም በኩል አንድን ሰው ጥፋተኛ ይሁን ንጹሕ ሳይነገረው እስከ እርጅናው ማሰር ትክክል ነው አንልም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለማስታረቅ ሞክረን አልቻልንም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፈናቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ የስድስት ዓመት እስራት ፈረደበት። ማሞ ግን ዘጠኝ ዓመት ያህል ታስሮ ስለ ነበረ በዚያው ተፈታ።

በአገራችን ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም ይባላል። ማሞ ከተፈታ በኋላ ብዙ አልኖረም፤ በጉበት ካንሰር ታምሞ ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. በ69 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ። ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛም በዚህ ዓመት ስለ ቦክሰኞች ጻፉ ባንባል ኖሮ ስሙን ባላነሣነው ነበር።