የማይታየው ቁስል ሐኪም

ተማሪዎች ሆይ፥ የጦርነት ቁስል በአካል ላይ ብቻ የሚታይ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1864 በእንግሊዝ አገር የተወለደው ሐኪም ዊልያም ሪቨርስ፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ ከ1916 እስከ 1917፥ በስኮትላንድ በክሬግሎክሃርት ሆስፒታል መንፈሳቸው የታወከ መኮንኖችን ያክም ነበር።

በዚያን ዘመን እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ያየውን ሁሉ እንዲረሳ ይመከር ነበር። ሪቨርስ ግን ታፍኖ የተያዘ ትዝታ ሌሊት በቅዠት እንደሚመለስ ስለ ተረዳ፥ ሕመምተኞቹ የደረሰባቸውን እንዲናገሩ አበረታታ። የባልንጀራውን የተበታተነ ሬሳ በማየቱ እንቅልፍ ያጣ አንድ መኮንን ነበር። ሟቹ ሳይሠቃይ ወዲያው እንደ ሞተ ሪቨርስ ባስረዳው ጊዜ፥ ኀዘኑ ባይጠፋም ቅዠቱ ቀለለለት። ይሁን እንጂ ዘዴው ሁሉንም አልፈወሰም፤ ሪቨርስም ይህን አልሸሸገም። እ.ኤ.አ. በ1922 ዐረፈ።

እንግዲህ እናንተም የተጨነቀ ባልንጀራ ሲገጥማችሁ፥ እንዲረሳ ከመምከራችሁ በፊት አድምጡት።