ወፍጮ እየፈጨ የጸለየው አባት
አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ ልጆች፣ ባለፈው እሑድ ስለ ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ስንማር ከመካከላችሁ አንዱ እጁን አውጥቶ የጠየቀኝን ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ሳስበው ሰነበትኩ። ይህ ልጅ ሳይነጋ ተነሥቶ ለእናቱ የጉልት ዕቃዋን ተሸክሞ ያደርስላታል። ከዚያ ጀሞ ላይ ታክሲ ተሰልፎ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ማታ ታናሽ እኅቱን ይጠብቃል፤ የቤት ሥራም አለበት። ታዲያ በየትኛው ሰዓት ልጸልይ ብሎ ጠየቀኝ። አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ጥያቄው የእኔም ነውና። ቀን ሥራ ውዬ ማታ ደክሞኝ ስገባ ውዳሴ ማርያም ሳልደግም እንቅልፍ የወሰደኝ ሌሊት ብዙ ነው። ዲያቆን ስለሆንኩ አይደክመኝም ብላችሁ እንዳታስቡ።

ስለዚህ ዛሬ የአንድ አባት ታሪክ ልንገራችሁ። ይህ አባት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ነው።

አባ ጊዮርጊስ የተወለደው በ1357 ዓ.ም. በዛሬው ደቡብ ወሎ ሰግላ በምትባል አገር ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን፣ እናቱ እምነ ጽዮን ይባላሉ። አባቱ በንጉሡ ሰፈር በድንኳን የነበረችውን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል የተማረ ካህን ነበር። ልጁም እንደ እርሱ እንዲማር ብሎ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወሰደው። ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን ያለ ውኃ ነው፤ ገዳሙን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስፋፉት አባ ኢየሱስ ሞአ ናቸው። በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት የወጡበት ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር።

ጊዮርጊስ ግን ትምህርት አልገባህ አለው። አንድ ወር ወይም አንድ ዓመት ብቻ አይደለም፤ ሰባት ዓመት! ጓደኞቹ ዳዊት ደግመው፣ ዜማ ተምረው ሲያልፉ እርሱ እዚያው ቀረ። ከእናንተ መካከል በክፍል ፈተና ወድቃችሁ ያለቀሳችሁ ካላችሁ የዚህን ልጅ ኀዘን ታውቁታላችሁ። መምህሩም ተስፋ ቆርጦ ወደ አባቱ ሰደደው። አባቱ ግን ልጄን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ፣ የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም፣ መማር ካልቻለ ገዳሙን በጉልበቱ ያገልግል ብሎ መልሶ ላከው።

የተሰጠው ሥራ እህል መፍጨት ነበር። እናንተ ወፍጮ ስትባሉ በሰፈራችን በኤሌክትሪክ የሚሠራው፣ ዱቄቱ በጆንያ የሚወጣበት ወፍጮ ቤት ይመጣባችሁ ይሆናል። የዚያን ጊዜው የድንጋይ ወፍጮ ነው። እህሉ ታችኛው ድንጋይ ላይ ይደረግና ጎንበስ ብሎ መጁን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ፊት ወደ ኋላ መግፋት ነው። ወገብ ያማል፤ መዳፍ ይላጣል። ገጠር ያደጉ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ከሌሊቱ ዶሮ ሲጮኽ ተነሥተው ይፈጩ እንደነበር ይነግሯችኋል። በአገራችን ልማድ ይህ የሴቶች ሥራ ተብሎ ይናቅ ስለነበር ለአንድ የካህን ልጅ ቀላል ነገር አልነበረም። ገዳሙ ብዙ መነኮሳት ነበሩበት፤ የሚፈጨውም እህል ብዙ ነበር።

እንግዲህ ልጆች፣ ሥራ የበዛበት ሰው ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ። ጊዮርጊስ ሥራው እስኪቀልልኝ ድረስ ጸሎቴን ላቆየው አላለም። እጁ መጁን ሲገፋ አፉ ይጸልያል። ፈጭቶ ሲጨርስ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ እያለቀሰ ማስተዋልን ይለምናል። በአንድ ሌሊት የሆነ ነገር አይደለም፤ ዛሬም ነገም እንዲሁ ነበር። ከብዙ ልመና በኋላ እመቤታችን ተገልጣ ጽዋዐ ልቡና እንዳጠጣችው፣ ከዚያም ምሥጢር ሁሉ እንደተገለጠለት ገድሉ ይነግረናል።

ከዚያ በኋላ ያ ፊደል ያቃተው ልጅ ከኢትዮጵያ ታላላቅ ደራስያን አንዱ ሆነ። የዐፄ ዳዊትን ልጆች እስከ ማስተማር ደረሰ። አርጋኖንን ደረሰ፤ ይህ የእመቤታችን ምስጋና ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የሚጸለይ ነው። በ1416 ዓ.ም. መጽሐፈ ምሥጢርን ፈጸመ። በዚህ ሁሉ መካከል በሐሰት ተከሶ ታስሯልም፤ ሊቅ ሆነ ማለት ችግር አላገኘውም ማለት አይደለም። ያረፈው ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ የሥላሴ በዓል ስለሆነ አትረሱትም። ገዳሙ ጋስጫ ዛሬም በደቡብ ወሎ አለ።

ከድርሰቶቹ ሁሉ ለዛሬው ጥያቄያችን የሚቀርበው ግን መጽሐፈ ሰዓታት ነው። በጾመ ፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ፣ ሌሊት በብርድ ልብስ ተጠቅልላችሁ ተኝታችሁ ከቤተ ክርስቲያን ሞንታርቦ የሚመጣውን ዜማ ትሰሙ የለ? ካህናቱ የሚቆሙት ሰዓታት እርሱ የደረሰው ነው። ስሙ እንደሚነግራችሁ ጸሎቱ ለሌሊቱና ለቀኑ በየሰዓቱ የተከፋፈለ ነው። እኔ ሳስበው ይህን የመሰለ ጸሎት ሊደርስ የሚችለው ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው። ወፍጮ ላይ የዋለ ሰው ቀኑ ለአንድ ረጅም ጸሎት ባይበቃ እንኳ በየመካከሉ ለእግዚአብሔር የሚሰጥ ጥቂት ጥቂት ጊዜ እንዳለው ያውቃል።

አሁን ወደ ጠየቀኝ ልጅ ልመለስ። አንተ ልጄ፣ የእናትህን ዕቃ መሸከምህን አትተው፤ እርሱም አገልግሎት ነው። ጠዋት ፊትህን ስትታጠብ ነግህ ነው፤ አማትበህ አባታችን ሆይ በል፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ታክሲ ተራ ስትጠብቅ ከንፈርህን ሳታሰማ ልትደግመው ትችላለህ፤ ሰልፉ እንደሆነ አይቀርልህም። በ6 ሰዓት ለምሳ ስትወጡ ጌታ የተሰቀለበት ሰዓት ነው፤ እንጀራህን ከመቁረስህ በፊት አስበው። በ11 ሰዓት ወደ መቃብር የወረደበት ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ቤት እየገባህ ነህ። ሁሉንም በአንድ ቀን እጀምራለሁ ብትል ግን በሦስተኛው ቀን ትተወዋለህ። እኔ ብዙ ጊዜ እንዲያ አድርጌ ወድቄአለሁ። አንዱን ሰዓት ብቻ ምረጥ፤ እርሱን አጥብቀህ ያዝ። እስኪለመድህ ድረስ ሌላ አትጨምር።

ለሚቀጥለው እሑድ ሁላችሁም በደብተራችሁ የመረጣችሁትን አንድ ሰዓት ጽፋችሁ ኑ። ያልሆነላችሁን ቀን አትደብቁ፣ እርሱንም ጻፉ፤ እኔም የራሴን ደብተር ይዤ እመጣለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።