የራሳቸውን ታሪክ የጻፉት ስደተኛ



ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼ ከገዛ ሕይወታቸው አንድ አጭር እውነተኛ ታሪክ ጽፈው እንዲያመጡ አዝዤ ነበር። ብዙዎቹ ባዶ ደብተር ይዘው መጡ። አንዲት ልጅ የስደተኛ ሕይወት ምን የሚጻፍ ነገር አለው ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁላት። ማታ ሳስብ ግን በዚህችው በጅቡቲ በስደት የኖሩ አንድ ትልቅ ሰው ትዝ አሉኝ። እርሳቸውም ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ሰያደብር ተወለዱ። በልጅነታቸው ሐረር ሄደው በራስ መኮንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ጦርነት ሲሆን የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ ከራስ መኮንን ጦር ጋር ዘምተዋል። ከድሉ በኋላ ሊዮንቲዬፍ ከሚባል ሩሲያዊ ጋር ወደ ሩሲያ ሄዱ። ቋንቋውን ሳያውቁ፣ ዘመድ በሌለበት አገር፣ በሰው ቤት አደጉ። ተምረውም የመድፈኛ መኮንን ለመሆን በቁ።

ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው አገራቸው ከገቡ በኋላ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው የእርሻ ትምህርት ተማሩ። ሲመለሱም ጅጅጋንና ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩ እርሳቸው ናቸው። በአማርኛ የመጀመሪያው ተውኔት የሚባለውን ፋቡላን ደረሱ። ተውኔቱ በአውሬዎች ምሳሌ የሹማምንትን ጉድለት ስለነካ ታገደ። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እርሳቸው ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወር በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቀርበው ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ።

አገር ስትያዝ ግን ያ ሁሉ ሹመትና ዕውቀት ከስደት አላዳናቸውም። እኛ ወደምንኖርባት ወደ ጅቡቲ መጡ። ከዚህም አልፈው ማዳጋስካር ደሴት ገቡና መሬት እያረሱ ኖሩ። ሚኒስትር የነበረ ሰው በሰው አገር ገበሬ መሆኑን እንደ ውርደት አልቆጠሩትም። ሃያ ዓመት ገደማ በስደት ቆይተው ተመለሱ፤ በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን ሁሉ እንድናውቅ ከረዱን ነገሮች አንዱ ራሳቸው መጻፋቸው ነው። ኦቶባዮግራፊ፣ የሕይወቴ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ። በመጽሐፉ ውስጥ ሚኒስትሩ ብቻ አይደሉም ያሉት። በልጅነቱ ከወገኖቹ ተለይቶ ባሕር የተሻገረው ብላቴናም አለ። እናንተም እንደዚያ ብላቴና ናችሁ።

እኔም ዩኒቨርሲቲ ጀምሬ ሳልጨርስ የወጣሁ ሰው ነኝ። የትምህርት ማስረጃዬ በመንገድ ቀርቷል። ብዙዎቻችንም ፎቶግራፍ እንኳ ሳንይዝ ነው የወጣነው። ያልጻፍነው ነገር እኛ ስንረሳው አብሮን ይጠፋል። እዚህ የተወለዱ ሕፃናት የአያታቸውን መንደር ስም የሚያውቁት ነግረናቸው፣ ጽፈን ካቆየንላቸው ብቻ ነው።

ስለዚህ እንደገና ሞክሩ። ሕይወታችሁን በሙሉ አትጻፉ፤ አንድ ቀን ምረጡ። የት ነበራችሁ? ከማን ጋር? ምን አስፈራችሁ? ማን ውኃ አጠጣችሁ? እውነቱን ብቻ ጻፉ፤ ጀግና ለመምሰል አትጨምሩ። ወላጆችም የመንደሩንና የወንዙን ስም፣ የዘመድ አዝማዱን ስም በመንገር እርዷቸው። መጻፍ የማይችል ወላጅ ይናገር፣ ልጁ ይጻፍ።

ያቺ ተማሪ እስከ ሐሙስ አንድ ገጽ አመጣለሁ ብላኛለች። የእናንተንም እጠብቃለሁ።