ማርቲኑስ ቤየሪንክ

ማርቲኑስ ቤየሪንክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1851 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በአምስተርዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ የትምባሆ ነጋዴ ነበር፤ ነገር ግን ንግዱ ከስሮ ቤተ ሰቡ ችግር ላይ ወደቀ። ልጁ ትምህርቱን ሳያቋርጥ በ1877 በላይደን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ።

በ1888 የባቄላንና የአተርን ሥር እባጮች መርምሮ በውስጣቸው የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ለይቶ አሳደገ። የአርሲ ገበሬ ባቄላ በተነሣበት ማሳ ላይ ስንዴ ሲዘራ አዝመራው የሚያምርለት በእነዚህ ጭምር ነው፤ ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው መሬቱን ያዳብራሉና።

በ1890 ደግሞ የኩሬ ውኃን አረንጓዴ ከሚያደርጉት አልጌዎች አንዷን፣ ክሎሬላን፣ ከሌላው ሁሉ ለይቶ ለብቻዋ አሳደገ። ክሎሬላ በማይክሮስኮፕ ብቻ የምትታይ ባለ አንድ ሴል ፍጥረት ናት።

ታላቁ ሥራው ግን የ1898ቱ ነው። ቅጠሉ በበሽታ የተዥጐረጐረውን ትምባሆ ጨምቆ ጭማቂውን ባክቴሪያ በማያሳልፍ የሸክላ ማጣሪያ አሳለፈው። የተጣራው ጭማቂ ጤነኛውን ተክል አሳመመ፤ ከተክል ወደ ተክል ሲዛወርም ኃይሉ አልደከመም። ስለዚህ ይህ ነገር ይራባል፤ የሚራባውም በሕያው ሴል ውስጥ ብቻ ነው አለ፤ ቫይረስ ብሎም ጠራው። ሩሲያዊው ኢቫኖቭስኪ ማጣራቱን በ1892 አድርጎት ስለ ነበር፣ ምስጋናውን ሁሉ ለአንድ ሰው መስጠት ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። ቤየሪንክ ቫይረስን ፈሳሽ ነው ማለቱም ስሕተት ነበር፤ በ1935 አሜሪካዊው ስታንሊ እንደ ጨው ፍሬ አርግቶ አሳየው።

ቤየሪንክ ሚስት አላገባም፤ ከእኅቶቹ ጋር ኖረ። በዴልፍት ከተማ ሲያስተምር ተማሪዎቹን እጅግ ያስጨንቅ ነበር። (መምህራኖቻችን ይህን ከእርሱ እንዳይማሩ አደራ!) በ1921 ጡረታ ወጥቶ በ1931 ሞተ።

ለየብቻ ያጠናቸው አልጌና ቫይረስ ግን በኩሬ ውስጥ ጠላቶች ኖረዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጄምስ ቫን ኤተንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በነብራስካ ዩኒቨርሲቲ የክሎሬላን ዘመድ የሚገድል ቫይረስ አጠኑ። ስፋቱ 190 የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ያህል ነው፤ የትምባሆው ቫይረስ ጥቂት ጂኖች ብቻ ሲኖሩት ይህ 400 ያህል አሉት። በአልጌዋ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይበሳዋል፤ ዲ.ኤን.ኤውን ወደ ውስጥ አስገብቶ ባዶ ቅርፊቱን በውጭ ይተወዋል። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ሴሏ ፈንድታ 1,000 ያህል አዳዲስ ቫይረሶች ይወጣሉ።

ይህች አልጌ ፓራሜሲየም በሚባል ደቂቅ እንስሳ ሆድ ውስጥ ተጠግታ ትኖራለች። እዚያ እስካለች ድረስ ቫይረሱ አያገኛትም፤ ፓራሜሲየሙ ሲፈርስ ግን በውጭ ይጠብቃታል።